ሦስት ደቂቃ ተኩል

ራንታኮስኪ፣ ፊንላንድ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 2005

ለውድ ኡርቬ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺንም እናትሽንም በጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ሰባ አንድ ዓመት ለሞላት ጡረተኛ መምህርት ይህ እንደ ሕመም አይቆጠርም። ድንቹን ከመሬት አውጥቼ ጨርሻለሁ። የእናቴና የአያትሽ የሊዲያ ፎቶግራፍም ከግድግዳ ወርዶ ነበር፤ አዲስ ፍሬም ገዝቼለታለሁ። ሁለቱ እህትማማቾች ባሕር ቢለያያቸውም ቢያንስ እዚያ ላይ አብረው ይቀመጡ ብዬ ነው።

መንደራችን የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የሳውና ምድጃ የሚሠራው ፋብሪካ ቢሮውን ዘጋ። ፋብሪካው ራሱ አልተዘጋም፤ ስድሳ አንዱ የብረት ሠራተኞች በቦታቸው ናቸው፣ የወንድሜ ልጅ ታይስቶም ብየዳው ላይ አለ። የተዘጋው ስልክ የሚመልሰው፣ ትእዛዝ የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚልከው ክፍል ነው። ሥራው በውል ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። ድርጅቱ ከባሕር ማዶ ነው ተባለ፤ የት እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

ሥራ አስኪያጁ ላሲላ በሰበካው አዳራሽ ሰብስቦን፣ «እኛ የምናውቀው ብረት ነው፤ በብረቱ ላይ እናተኩር። ስልክ ማንሳት ማንም ይችላል» አለ።

ታይስቶ ከኋላ ሆኖ፣ «ማንም ከቻለ እስቲ አንተ አንድ ቀን አንሳልን!» አለው። ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረችው ሄልቪ ግን አልሳቀችም። ሄልቪ የድሮ ተማሪዬም ጎረቤቴም ናት፤ ያን ስልክ ሃያ ሰባት ዓመት መልሳለች። የግድግዳ ሰዓት ሸልመው አሰናበቷት።

የስፌት ፋብሪካው ከተዘጋባችሁ ወዲህ ሥራ አግኝተሽ እንደሆነ ባለፈው ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። አሁንም እጠይቃለሁ።

ሁልጊዜ የምታስብሽ አክስትሽ፣
ሳይሚ ኢሊታሎ


ታርቱ፣ ኢስቶኒያ
ኦክቶበር 2 ቀን 2005

ለተከበሩ አክስቴ ሳይሚ፣

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ። እናቴ ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ የዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ገና ወረፋ እየጠበቀች ነው። እስከዚያ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው።

ሥራ አግኝቻለሁ። ሳልመልስልዎ የቆየሁት ይጸናልኝ እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው። ስፌቱ ከእኛ ተወስዶ ወደ ዩክሬን ሲሄድ አንድ በር ተዘጋብኝ፤ አሁን የተከፈተልኝ በአያቴ ቋንቋ ነው። በፊንላንድኛ ስልክ እመልሳለሁ። ለየትኛው ድርጅት እንደምንመልስ ለቤተሰብም ቢሆን እንዳንናገር ፈርመናል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሙከራ ጊዜዬ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚገባው ደመወዝ የእኔ ብቻ ስለሆነ ማለፍ አለብኝ። አንድ ጥሪ በአማካይ ከሦስት ደቂቃ ተኩል መብለጥ የለበትም፤ ሲበልጥ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ያለው ሰዓት ቀይ ይሆናል። የእኔ ቶሎ ቶሎ ይቀላል። አለቃዬ ካይዶ ባለፈ ቁጥር፣ «ኡርቬ፣ አያትሽን ነው እንዴ የምታዋሪው?» ይለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእናንተ አካባቢ ሰው ስልክ ሲደውል አነጋገሩ እንዴት ነው? ሰውየው መጨረሱን በምን አውቃለሁ? እየተሰናበቱኝ ስዘጋ፣ የሆነ ነገር አፋቸው ላይ እንደቀረ ይሰማኛል። በሰፊው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የማይጠቀሙበት ትልቅ መዝገበ ቃላት ካለዎትም እባክዎ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣
ኡርቬ ሌፒክ


ራንታኮስኪ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2005

ለውድ ኡርቬ፣

ሥራ በማግኘትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ለእናትሽም ምሕረቱን ያውርድላት። መዝገበ ቃላቱን ለብቻው ልኬዋለሁ፤ ገጽ 412 ላይ ያለው የቀለም ጠብታ የእኔ ጥፋት ነው።

ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ እመልሳለሁ። አስተማሪ ሳለሁ የተማሪ አባት ይደውልልኛል። «መንገዱ ተጠርጓል?» ይላል። «ተጠርጓል» እላለሁ። «ልጁስ ይማራል?» «ይማራል።» «እንግዲህ፣ ሌላም ነገር የለኝ» ይላል።

እዚህ ላይ የዘጋሽ እንደሆነ ምንም አልሰማሽም። ሰውየው ለምን እንደደወለ ገና አልተናገረም። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሱም ዝም ይላል። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ከዚያ፣ «ብቻ… ከሰኞ ጀምሮ ልጁ በአንድ ጆሮው አልሰማም ይለናል» ይላል። የደወለው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ጉዳዩን ገና ሲጀምር መናገርን ሰው እንደ ማስቸገር ይቆጥረዋል። «ሌላም የለኝ» ካለ በኋላ ያለውን ዝምታ ከሞላሽበት ይቅርታ ጠይቆሽ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይደውልም።

ለየትኛው ድርጅት እንደምትመልሺ አልጠይቅሽም፤ ፈርመሻልና።

የእኛ ፋብሪካ አዲሱ አሠራር ክፉ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ልጻፍ። ድሮ ሁለት ወር የሚዘገየው ደረሰኝ አሁን በሳምንት ይደርሳል። ላሲላ የፋብሪካው በር ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ ስልክ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ይነሳል፣ የቢሮ ወጪ በአንድ አምስተኛ ቀንሷል፣ የደንበኞች ቅሬታ በግማሽ ወርዷል። ሄልቪ አነበበችውና፣ «ምድጃው ነው የተሻሻለው ወይስ ሰሚው ነው የጠፋው?» አለችኝ።

አክስትሽ ሳይሚ


ታርቱ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2005

ለተከበሩ አክስቴ ሳይሚ፣

ስድስት ሳምንት ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። መዝገበ ቃላቱ በሰላም ደርሶኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ፊርማዬን አፍርሼ ልንገርዎ፤ እርስዎም ቀድመው ገምተውት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የምመልሰው የራንታኮስኪን ምድጃ ስልክ ነው። የሄልቪ ወንበር ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ስለ እሷ የጻፉልኝን ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠል ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ አይደለም።

ኦክቶበር 21 ቀን አንድ ሽማግሌ ደወለ። ስለ በረዶ አወራኝ። ስለ ጭስ ማውጫ መጥረጊያ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። «እንግዲህ ሌላም የለኝ» አለ። ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር፤ የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ አለኝና አነሳሁት። ሰዓቱ ቀላ።

«ብቻ…» አለ፣ «የኋላው ብየዳ ተሰንጥቆ እሳቱ ይታያል። ሚስቴ የሚነድ ክር ይመስላል ትላለች። የእኛ ጥፋት ይሆን እንዴ?»

የምድጃውን ቁጥር አስነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች ይህንኑ ነገሩኝ፤ ሦስቱም ሊሰናበቱኝ ሲሉ ነው። ምድጃዎቹ ሁሉ ዘንድሮ ከፀደይ በኋላ የተሠሩ ናቸው።

ለካይዶ ነገርኩት። «ጥሪ ከምንመዘግብባቸው ምድቦች ውስጥ ስንጥቅ የሚል አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

«እንግዲያው የለም። የአጠቃቀም ምክር በይው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ የእሱም አለቃ በእሱ ላይ ሰዓት ይቆጥርበታል። ለፋብሪካው የሚላከው በየሳምንቱ የየምድቡ ድምር ብቻ ነው። ስለዚህ በላሲላ ወረቀት ላይ አራት ሰው ምክር ጠየቀ እንጂ አራት ምድጃ አልተሰነጠቀም። እኔ አማካዬ አምስት ደቂቃ ስለደረሰ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ሁለተኛ ከመጣ የሙከራ ጊዜዬ ያበቃል።

እባክዎ ለማንም አይንገሩ። ምን ላድርግ?

ኡርቬ


ራንታኮስኪ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2005

ለውድ ኡርቬ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ገምቼ ነበር። ወንበሩን አንቺ አልሰረቅሽም፤ ሥራ ነው የለመንሽው። በዚህ ከእንግዲህ ይቅርታ አትጠይቂኝ።

ስለ አንቺ ምንም ሳላነሳ ታይስቶን የምድጃው ጀርባ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

«አክስቴ፣ የኋላው ላሜራ ከፀደይ ጀምሮ ተቆርጦ ታጥፎ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣልን» አለኝ። «ስስ ነው። ብየዳ አይችልም ብለን ተናግረናል።»

«ለማን ተናገራችሁ?»

«ለቢሮው ነዋ።»

«ቢሮው የታለ?»

«እሱን እንኳ ተይው» አለኝ።

አሁን ጉዳዩን በቅደም ተከተል እንየው። በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ቀን፣ በዚህ አገር ሳውና የማያነድ ቤት የለም። ዘመድ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ከቀትር ጀምሮ ለሰዓታት ይነዳል፤ በዓመት ውስጥ ምድጃ እንደዚያ ቀን የሚግልበት ቀን የለም። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ደረቅ እንጨት ነው። የቀረን ሃያ አራት ቀን ነው።

ስለዚህ የምድጃዎቹን ቁጥርና የተደወለበትን ቀን ጻፊልኝ። የሰው ስም አትጻፊ። ያንቺን ስም ላለመጥራት እሞክራለሁ፤ እንደሚሳካልኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ ቃል አልገባልሽም። ብትተዪውም አልቆጣሽም። እናትሽን አውቃለሁ፣ ያለብሽንም አውቃለሁ።

ሳይሚ


ታርቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2005

ለተከበሩ አክስቴ ሳይሚ፣

ቁጥሮቹ በዚህ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ትናንት አንድ ስለተጨመረ አምስት ሆነዋል።

ስሜን ባይጠሩትም ያውቁኛል። እዚህ ከተቀመጥነው አሥራ ስምንት ሰዎች የምድጃ ቁጥር የመዘገብኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ እዚያ ሳይደርሱ ይዘጋሉ። አይፍረዱባቸው፤ እነሱ ዘንድ «ሌላም የለኝ» ማለት ሌላ የለኝ ማለት ነው። እኔም እርስዎ ባይነግሩኝ እንደዚያው ነበርኩ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ከፖስታው አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። እናቴ አታውቅም። አሁን ወጥቼ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ያደርኩ እንደሆነ አልከተውም።

ኡርቬ


ራንታኮስኪ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2005

ለውድ ኡርቬ፣

በዓሉን በሰላም ያድርስልሽ። የሆነውን በሙሉ ልንገርሽ።

ዝርዝርሽ ዲሴምበር 12 ቀን ደረሰኝ። በዚያው ቀን ከታይስቶና ከሄልቪ ጋር ላሲላ ዘንድ ገባሁ። ወረቀቱን አይቶ፣ «መምህርት፣ ቅሬታ እኮ በግማሽ ቀንሷል» አለኝ።

«ቅሬታው አልቀነሰም፤ ሰሚው ነው የቀነሰው» አልኩት።

«ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የውል ጉዳይ አለ። እንዲህ ያለ ነገር…»

ታይስቶ አላስጨረሰውም። «በዚያ ስስ ላሜራ ከተሠሩት አንድ ምድጃ መጋዘን ውስጥ አለ። ግቢ ውስጥ እናንድደው። ካልተሰነጠቀ እኔን አባረኝ።»

አነደዱት። ላሲላ ኮቱን ሳይቆልፍ በረዶ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ሰዓት መገባደጃ ላይ የኋላው ብየዳ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ። ላሲላ አጠገቡ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ ሄልቪ ዞሮ፣ «ስንት ሰው በቀን ማግኘት ትችያለሽ?» አላት።

በዚያ ላሜራ የተሠሩት ሦስት መቶ አርባ ናቸው። ሄልቪ፣ እኔ፣ የታይስቶ ሚስትና ሁለት ጡረተኞች አሮጌው ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን ደወልን። አንዱ ለሄልቪ፣ «ገናን ሳውና ሳልገባ ልዋል?» አላት።

«የጎረቤትዎን ይግቡ።»

«ከሱ ጋር ከ1987 ጀምሮ አንነጋገርም!»

«ሳውና ውስጥ መነጋገር ግዴታ አይደለም፤ ፎጣ ይዘው ይሂዱ» አለችው።

እስከ ዛሬ ከሁለት በቀር ሁሉንም አግኝተናል፤ ሁለቱ ቤት የየአካባቢያቸው እሳት አደጋ ሠራተኞች ይሄዳሉ። ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳቸው ጠቁሮ አገኙት።

የስልክ ውሉ ለሦስት ዓመት የተፈረመ ስለሆነ ትእዛዙና ደረሰኙ እናንተው ዘንድ ይቆያል። የብልሽት ስልክ ብቻ ወደዚህ ይመለሳል፤ ሄልቪ ከጃንዋሪ ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች።

ስምሽን መደበቅ አልቻልኩም። አንቺን ለማዳን ብዬ ላሲላን፣ «ልጅቷ አልፈለገችም፤ ያስገደድኳት እኔ ነኝ» አልኩት። ከበዓሉ በኋላ ቢያስቸግሩሽ እንዲሆንሽ ትንሽ ገንዘብ ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ።

አክስትሽ ሳይሚ


ታርቱ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2006

ለተከበሩ አክስቴ ሳይሚ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ማንም ሰው ሳይጎዳ በማለፉ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰኞ ዕለት ተሰናበትኩ። ካይዶ ወረቀቱን ቆሞ አነበበልኝ፦ የምስጢር ውል በማፍረስ። ሲጨርስ ቁጭ አለና፣ «ምድቦቹ ላይ ስንጥቅ የሚል ተጨምሯል» አለኝ። «የምድቡ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ልነግርሽ ብዬ ነው።» ኮቴን ያዘልኝ፤ ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

ገንዘቡን መልሼ ልኬዋለሁ። እንዳይቀየሙኝ። የተቀየምኩት እኔ ነኝና ምክንያቱን ልናገር።

ላሲላን «ያስገደድኳት እኔ ነኝ» ብለውታል። አላስገደዱኝም። «ብትተዪው አልቆጣሽም» ብለው ጽፈውልኛል፤ ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። ሳጥኑ ድረስ የሄድኩት በእግሬ ነው። ሥራዬ እንደሚሄድ አውቄ ነው። ያ ሽማግሌ «የእኛ ጥፋት ይሆን እንዴ?» ሲል የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም። አሁን በሁለት ቦታ ሁለት ኡርቬ አለች፤ እዚህ ምስጢር ያባከነች፣ እዚያ ደግሞ አክስቷ ያስገደደቻት። ሁለቱም እኔ አይደለሁም።

ሥራ ለመጠየቅ ሦስት ቦታ ሄጃለሁ። ሦስቱም ጋ መጀመሪያ የሚያነቡት የስንብት ወረቀቱን ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያደረግሁትን፣ እንዳደረግሁት የሚናገር ወረቀት፤ በሥራ አስኪያጁ ፊርማና በፋብሪካው ማኅተም። ምስጋና አይጨመርበት።

ኡርቬ ሌፒክ


ራንታኮስኪ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2006

ለውድ ኡርቬ፣

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ። ትክክል ነሽ፣ እኔ ተሳስቻለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ የሠራውን የራሱ አድርጌ ስመዘግብ ኖሬ፣ ያንቺን ወስጄ በስሜ ጻፍኩት። ይህን በቃል ሳይሆን በሥራ ማረም ስላለብኝ መልሴን አዘገየሁ።

ላሲላ ዘንድ ደብዳቤሽን ይዤ ሄድኩ። የፋብሪካው በር ላይ፣ «ጉድለቱ በውስጥ ቁጥጥራችን ተገኘ» የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እሱንም ገንጥዬ ይዤው ገባሁ።

«መምህርት፣ ይህን መፈረም አልችልም» አለኝ። «ከዚያኛው ድርጅት ጋር ገና ሁለት ዓመት ተኩል ውል አለን። ጠበቃው ምን ይለኛል?»

«ጠበቃው ምን እንደሚል አላውቅም። የሆነው ምንድን ነው?»

«ቁጥሩ ሁሉ እኮ ጥሩ ነበር» አለኝ። ተንኮል የለውም፣ የእውነቱን ነው፤ እንዲያውም አዘንኩለት። ደረሰኙን ለሌላ ሰጥቶ ተጠቅሟል። ጆሮውንም አብሮ መስጠቱን አላወቀም ነበር።

ሄልቪ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ ኮቷን ለብሳ መጣች። «ሰኞ አልገባም» አለችው።

«ሄልቪ! የብልሽት ስልኩስ?»

«ደዋዮቹ ለምን እንደሌለሁ ሲጠይቁ አንተ ታስረዳቸዋለህ። ለነሱ ቤት ብላ ሥራዋን ያጣች ሴት እያለች፣ ስሟን መጻፍ ፈርቼ ነው ትላቸዋለህ።»

«እስከ ዓርብ ስጪኝ።»

«እስከ ዓርብ» አለችና ኮቷን አወለቀች።

ዓርብ ወረቀቱ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሪት ኡርቬ ሌፒክ የደንበኞቻችንን ስልክ ስትመልስ፣ ደዋዮችን እስከ መጨረሻው አዳምጣ ኦክቶበር 21 ቀን 2005 የምድጃ ስንጥቅ አግኝታለች። ለአለቃዋ ነግራ ሰሚ ስታጣ፣ ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል እያወቀች፣ በራሷ ውሳኔ ዝርዝሩን ወደ ፋብሪካው እንዲደርስ ልካለች። በዚህም ሦስት መቶ አርባ ምድጃዎች ከገና በፊት አገልግሎት እንዲያቆሙ ተደርጓል።» ፊርማው የእሱ ነው፤ ማኅተሙ አለበት። ቅጂው በሩ ላይ በአሮጌው ቦታ ተለጥፏል። ታይስቶ በአራት ብሎን አስሮታል።

መጀመሪያ የፈረመውን አልላክሁልሽም። ስንጥቁን ያገኘሽው በኖቬምበር ነው ይል ነበር። ሽማግሌው የደወለው ኦክቶበር 21 ቀን ስለሆነ አስምሬበት መለስኩት፤ ላሲላም ሳያጉረመርም ቀኑን አስገብቶ እንደገና ፈረመ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው የታረመው ነው።

ሳይሚ